ለቤት ስቱዲዮ ፍላሽ ወይስ ቋሚ መብራት? ከአንድ ጥያቄ የተነሳ ረጅም ክርክር

የመነሻው ጽሑፍ

ጠያቂዋ ቤቷ ውስጥ አንዲት ክፍል ለፎቶ ሥራ ለቅቃለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋም ዝቅ ያለ ነው። እስካሁን በመስኮት ብርሃን ስታነሳ ቆይታለች። ሲመሽ ሥራው ይቆማል፤ ደመና ሲመጣ ደግሞ የፎቶው ቀለም ይለዋወጥባታል። የምታነሳው በብዛት ሰው ነው፤ የፊት ፎቶ፣ ቤተሰብ፣ ትንንሽ ልጆች። አንዳንዴ ለሽያጭ የሚቀርቡ ዕቃዎችንም ታነሳለች። ሁለት ዓይነት መብራት ለመግዛት አቅሙ የላትም። ስለዚህ ፍላሽ ልግዛ ወይስ ሳይቋረጥ የሚበራውን ቋሚ መብራት ብላ ጠየቀች። ልቧ ወደ ቋሚው መብራት፣ ወደ ኤልኢዲው፣ እንዳጋደለ አልደበቀችም። ፎቶውን ሳታነሳ በፊት ብርሃኑን በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። እንደየሁኔታው ነው የሚል መልስ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር ደግሞ አደራ ብላለች።

ክሩን (ጥያቄዋንና ከሥሩ የተጻፉትን መልሶች) ከላይ እስከ ታች የምተርከው ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ ነው። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። መብራቱን በዓይኑ ለክቶ ይገዛል፤ ካሜራ ግን እንደ ዓይን አይለካም። ይህን ልዩነት ከመልሶቹ አንዱ በቁጥር አሳይቶታል፤ እሱ ጋ ስንደርስ ረጋ ብዬ አወራለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጨዋ ሰላምታ ጀምሮ ኤልኢዲ ግዢ አላት። መብራቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከፍና ዝቅ ስታደርጊ የአፍንጫ ጥላ የት እንደሚያርፍ እዚያው ታያለሽ፤ ትምህርቱ ይፈጥናል ባይ ነው። እሱም ብርሃንን የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ልክ ነው። የቋሚ መብራት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም።

መልስ 2

በመልስ 1 ተስማማች፤ ቪዲዮንም ጨመረች። ጠያቂዋ ነገ ቪዲዮ ልትቀርጽ ብትፈልግ ፍላሽ ምንም አይፈይድላትም። አጭር መልስ ናት፤ የማትነቃነቅ ነጥብ ግን ይዛለች።

መልስ 3

እዚህ ላይ ተቃውሞ ተነሳ። ይህ ሰው ልጆች የሚለውን ቃል ሁለታችሁም ዘላችሁታል አለ። እሱ በቋሚ መብራት የአንድ ሕፃን ልደት ፎቶ ለማንሳት ሞክሮ ነበር። ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መጋረጃ) 1/60 ሰከንድ ላይ ሲያደርግ የልጁ እጆች ብዥ አሉ። 1/250 ሲያደርግ ፎቶው ጨለመ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሲጨምር ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) መጣ። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ሲከፍት ደግሞ አንዱ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው ደበዘዘ። በፍላሽ ግን እንቅስቃሴውን የሚያቆመው ሹተሩ ሳይሆን ብልጭታው ነው። ትንሽ የካሜራ ፍላሽ በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ ብልጭታው ከሰከንድ 10,000ኛ ክፍል በታች ሊያጥር እንደሚችል ጻፈ። በሙሉ ኃይል ሲሆን ግን ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚሮጥ ልጅ ለማንሳት ኃይሉን ዝቅ አድርጎ መብራቱን ማቅረብ እንደሚሻል አስረዳ።

መልስ 4

ድምፁ ትንሽ ከረር አለ። የመልስ 3 ችግር የድሮ ካሜራ ችግር ነው አለ። ዛሬ አይኤስኦ 1600 ምን ያስፈራል? መብራቱስ ስንት ዋት ነበር? ኃይሉን ሳይነግሩ ቋሚ መብራትን ማማት ተገቢ አይደለም ሲል ተከራከረ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጠያየቁ ባይጥመኝም። ለሚቀጥለው መልስ በር የከፈተው እሱ ነው።

መልስ 5

የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። የጻፈችው ሴት ቁጥር ይዛ መጣች። ዋት የሚነግረን አንድ መብራት በየሰከንዱ የሚወስደውን ኃይል ነው። ዋት በሰከንድ ሲባዛ ጁል ይሆናል፤ የስቱዲዮ ፍላሽ የሚለካውም በጁል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።

የ100 ዋት ኤልኢዲ እንውሰድ። ሹተሩ 1/125 ሰከንድ ብቻ ከተከፈተ መብራቱ ለፎቶው የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። 100ን ለ125 ስናካፍል 0.8 ጁል እናገኛለን። አነስተኛ የሚባል የ200 ጁል የስቱዲዮ ፍላሽ ግን ያለውን ሁሉ በዚያችው ቅጽበት ውስጥ ይለቀዋል። ልዩነቱ 250 እጥፍ ነው፤ ወደ ስምንት ስቶፕ ገደማ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)።

ከዚያ ወደ ዓይን መጣች። ኤልኢዲው ክፍሉን ሲሞላው ዓይናችን በጣም ደማቅ ነው ይለናል፤ ያለማቋረጥ ስለሚያየው። ፍላሹ ግን ቦግ ብሎ ስለሚጠፋ ዓይን ሊመዝነው አይችልም። ካሜራው የሚሰበስበው ሹተሩ ክፍት በሆነበት ቅጽበት የገባውን ብቻ ነው። መብራት በዓይን ለክቶ የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ ፎቶው የሚጨልምበት ለዚህ ነው።

ነገሩን ወደ ሥራም አወረደችው። በኤልኢዲ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 800፣ 1/125 ላይ የሚነሳ ፎቶ አለ እንበል (ኤፍ የአፐርቸር ቁጥር ነው፤ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ቤተሰብ በሁለት ረድፍ ቆሞ ሁሉም ጥርት እንዲል ኤፍ 8 ብንፈልግ ሦስት ስቶፕ እናጣለን። አይኤስኦውን ወደ 100 ብናወርድ ሌላ ሦስት። በድምሩ 64 እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። በ100 ዋት ፋንታ የ6,400 ዋት መብራት ማለት ነው። በፍላሽ ግን ይህ የዘወትር ሥራ ነው።

መልስ 6

መልስ 5ን በአክብሮት አረመ። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን በመቀየር ብልጭታውን ከሚፈጥረው የፍላሹ የዜኖን ጋዝ ቱቦ ይበልጣል። ስለዚህ ስምንት ስቶፕ የተባለው ልዩነት በተግባር በአንድ ስቶፕ ወይም ትንሽ በለጥ ባለ መጠን ይጠባል። ሁለተኛ፣ ስሌቱ የሚገለበጥበት ቦታ አለ። ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ከሆነና የሚነሳው ነገር የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሹተሩን ለግማሽ ሰከንድ መክፈት ይቻላል። ያኔ ያው የ100 ዋት መብራት 50 ጁል ይሰጣል። ዕቃ ለሚያነሳ ሰው ኃይል ችግር አይሆንም ማለት ነው።

መልስ 5 የጻፈችው ተመልሳ አመሰገነችው። ክርክር እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

መልስ 7

ይህ ሰው ተናዷል። የገዛው መብራት ማሸጊያ ላይ ትልቅ የዋት ቁጥር ተጽፎ ነበር። ሲያጣራ ቁጥሩ መብራቱ በእርግጥ የሚወስደው ኃይል ሳይሆን ከድሮ አምፖል ጋር የተነጻጸረበት ሆኖ አገኘው። ከዋት ይልቅ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ሉክስ (የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ይሰጣል ብላችሁ ጠይቁ ሲል መከረ። ሉክሱ የተለካው ብርሃኑን ወደ ፊት በሚሰበስብ የብረት ሪፍሌክተር ከሆነ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ሲገባበት በጣም እንደሚቀንስም አስታወሰ። ቁጣውን ትተን ምክሩን እንያዝ።

መልስ 8

ጠያቂዋ ተመለሰች። የመልስ 5 ስሌት አስደንግጧታል። ግን ሌላ የሰማችው ነገር አለ፤ የፍላሽ ብርሃን ደረቅ ነው፣ ፊት ላይ ያብለጨልጫል፣ የቋሚ መብራት ግን ለስላሳ ነው ይባላል። እውነት ነው ወይ አለች።

መልስ 9

ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነው የመለሰላት፤ ይህን ተረት ስንት ጊዜ እናፍርስ በሚል ስሜት። አመላለሱ ቢሻክርም ይዘቱ ትክክል ነው። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከሚነሳው ሰው አንጻር ሰፊ ሲሆን ነው። ትንሽ ፍላሽ ካሜራ አናት ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት ሲተኮስ ምንጩ ጠባብ ነው፤ ጥላውም ጠርዙ የተሳለ ይሆናል። ያው ፍላሽ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሶፍትቦክስ ውስጥ ገብቶ አንድ ሜትር ላይ ሲቆም ጥላው ይለሰልሳል። ያንኑ ሶፍትቦክስ ሦስት ሜትር ብታርቂው ብርሃኑ እንደገና ይጠነክራል። ውስጡ ያለው ኤልኢዲ ይሁን ፍላሽ ጥላው አያውቅም።

ርቀትን ሲያነሳ ሌላም ነገር ጨመረ። መብራትን ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ማቅረብ ብርሃኑን ወደ አራት እጥፍ ያሳድገዋል። ሰውየው ሲበራ ከኋላው ያለው ግድግዳ ደግሞ በንጽጽር ይጨልማል። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ውስጥ መብራቱን ማቅረብ ልስላሴም፣ ኃይልም፣ ጠቆር ያለ ባክግራውንድም በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

እኔ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከመብራቱ ዓይነት በፊት የምነግረው ይህን ነው። ጥሩ ሶፍትቦክስ የሌለው ውድ መብራት ብዙ አያራምድም።

መልስ 10 እና 11

መልስ 10 ፍላሽ የሕፃናትን ዓይን ያጠፋል፣ አራስ ልጅ ፊት መተኮስ ነውር ነው አለች። መልስ 11 እንደ እሳት ተነሳ። ማስረጃ አምጪ፣ ካላመጣሽ ወላጆችን አታስፈራሪ አላት። ማስረጃ አልመጣም። ሁለቱም ግን ከዚያ በኋላ ስለ ብርሃን ማውራት ትተው ስለ አነጋገር ሥርዓት መነታረክ ጀመሩ። ያን ክፍል እዘለዋለሁ።

መልስ 12

ነገሩን ያበረደው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊዋ ልጆችን የማንሳት ልምድ አላት። በሶፍትቦክስ ያለፈ ወይም ከጣሪያ የተመለሰ ብልጭታ ልጆችን እምብዛም አይረብሽም አለች፤ አንዳንዱ ልጅ እንዲያውም ይስቅበታል። ደማቅ ኤልኢዲ ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ሲበራ ግን ልጅም አዋቂም ዓይኑን ያጨነቁራል፤ እንባውም ይፈሳል። በደማቅ ቋሚ ብርሃን የዓይን ብሌን ይጠባል፤ የዓይኑ ቀለም በሰፊው ይታያል። ደብዘዝ ባለ ክፍል በፍላሽ ሲነሳ ደግሞ ብሌኑ ሰፊና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የትኛው ያምራል የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ከርዕሱ የወጣ፣ ግን ሁሉም ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ጻፈች። በፍላሽ በተነሳ የልጅ ፎቶ ሁለቱም ዓይኖች ቀይ ቢሆኑ የተለመደ ነው። አንደኛው ዓይን ደጋግሞ ነጭ ሆኖ ከታየ ግን ልጁን ለዓይን ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። የካሜራው አቅጣጫ ብቻ የፈጠረው ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የልጆች ዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆንም ይችላል። ቶሎ ሲደረስበት ማዳን ስለሚቻል ጊዜ ማጥፋት አይገባም። ከእሷ በኋላ የተከራከራት የለም።

መልስ 13

ወደ ክፍሏ መለሰን። ጣሪያ ዝቅ ሲልና ግድግዳ ሲቀርብ ብርሃን በየቦታው ይነጥራል። ግድግዳው ነጭ ከሆነ ጥላው ይሞላል፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ያ ቀለም ፊት ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ከሰውየው ጎን ጥቁር ጨርቅ መስቀል ነው። ይህ ለሁለቱም ዓይነት መብራት እኩል ይሠራል። ማቆሚያው እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት መጫንንም አልረሳም፤ ልጆች ባሉበት ክፍል ይህ የግድ ነው።

መልስ 14 እስከ 17

አንድ አዲስ ገቢ ፎቶዬ ግርጌ ላይ ጥቁር መስመር እየወጣ ነው ብሎ ገባ። መልስ 15 ሹተርህን ወደ 1/200 ወይም ወደ 1/160 አውርድ አለው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሹተሩ ከዚህ ከፈጠነ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል) በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይገለጥም፤ ብልጭታው ሲመጣ ከፊሉ በመጋረጃው ተሸፍኗል። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው የፍላሽ አሠራር ይህን ያልፈዋል፤ ግን ፍላሹ በተከታታይ ትንንሽ ብልጭታዎች ስለሚሠራ ብዙ ኃይል ይጠፋል። መልስ 16 እ.ኤ.አ. በ2023 የተዋወቀው ሶኒ አልፋ 9 ማርክ 3 ሴንሰሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ በሚያነበው ግሎባል ሹተሩ ምክንያት ይህ ገደብ እንደሌለበት ጠቀሰ። መልስ 17 ለጀማሪ ይህን ካሜራ መጥቀስ ምን ይረባል ብሎ ቆጣ አለ። የካሜራ ብራንድ ጭቅጭቅ ለጥቂት ጊዜ ቀጥሎ በራሱ ጊዜ ሞተ።

መልስ 18

ብዙዎችን ፍላሽ የሚያስጠላ አንድ ነገር አነሳች። ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራ ላይ ትሪገር (ፍላሹን የሚያስተኩስ መሣሪያ) ተሰክቶ ቅንብሩ ለፍላሽ ሲስተካከል ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ካሜራው የሚያሳየው ያለ ፍላሽ የሚወጣውን ፎቶ ስለሆነ ነው። በሜኑው ውስጥ የኤክስፖዠር ቅድመ እይታውን ማጥፋት ብቻ ነው መፍትሔው። ኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ ደግሞ ብዙ ካሜራዎች ፍላሹን ጭራሽ አይተኩሱም፤ ወደ ሜካኒካል መቀየር ያስፈልጋል።

መልስ 19

ኤልኢዲ መግዛት ለሚፈልጉ የተጻፈ ነው። ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ታማኝነት ቁጥር 95 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ አይገባበትም። ደማቁ ቀይ የሚለካው አር 9 በሚባል ሌላ ቁጥር ነው፤ ለሰው ቆዳ ደግሞ ቀይ ወሳኝ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ድምቀቱ ሲቀነስ በጣም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ የሚሠራ ከሆነ ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ይወጣሉ። የቤት አምፖልም በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል፤ 1/50 ወይም 1/100 ሹተር ይህን ያለሰልሰዋል። የክፍሉን ተራ አምፖል ከሌላ መብራት ጋር መደባለቅን ግን ጨርሶ አልወደደም፤ አንዱ ጉንጭ ብርቱካንማ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል።

መልስ 20 እና 21

አንድ ወጣት ከአጎቱ የወረሰውን አሮጌ ፍላሽ ልጠቀም ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 21 ቆይ አትሰካው አለው። አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች በካሜራው መገናኛ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይለቃሉ፤ ዲጂታል ካሜራን ሊያቃጥል ይችላል። በገመድ አልባ ትሪገር ቢሠራም ትሪገሩ ያን ቮልት እንደሚችል አስቀድሞ ማየት ይገባል። ራሱ ለመፍታትም እንዳይሞክር አስጠነቀቀው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ከጠፋ በኋላም ሊገድል ይችላል።

ይኸው ሰው ወደ ታሪክ ገባ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ጀርመኖቹ አዶልፍ ሚቴ እና ዮሐንስ ጌዲከ እ.ኤ.አ. በ1887 የማግኒዚየም የፍላሽ ዱቄት ሠሩ። ዱቄቱ ጭስ ነበረው፤ አደጋም ነበረው። በ1930ዎቹ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሃሮልድ ኤጀርተን የኤሌክትሮኒክ ፍላሽን አዳበረ። በ1957 የወተት ጠብታ ስታርፍ እንደ ዘውድ ስትበተን ያነሳው የቀለም ፎቶ ዛሬም ይታወቃል። የመልስ 3 የልደት ፎቶ ችግርም የተፈታው በዚሁ ስልት ነው።

መልስ 22

ዕቃ የሚያነሳ ባለሙያ ነው፤ ለቋሚ መብራት ጠንካራ ጠበቃ ሆነ። ብርጭቆ፣ ጌጣጌጥ፣ የብረት ዕቃ ላይ ነጸብራቁ በሚሊሜትር ይለዋወጣል። ነጭ ካርቶን እየገፉ ነጸብራቁን በዓይን መከተል በፍላሽ አድካሚ ነው። ትራይፖድ፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 100፣ ሹተር ግማሽ ሰከንድ፤ የመልስ 6ን ስሌት እየጠቀሰ ሌላ አያስፈልገኝም አለ።

መልስ 23

ሁለቱን ጎራ ያቀራረበ መልስ ነው። ብዙ የስቱዲዮ ፍላሾች ሞዴሊንግ ላይት የሚባል ትንሽ ቋሚ መብራት ውስጣቸው አለ። ጥላው የት እንደሚያርፍ ያሳያል፤ ካሜራው በጨለማ ፎከስ እንዳያጣም ይረዳል። ለዕቃ ፎቶ በትራይፖድ ላይ እሱ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ቀለሙ ግን በግሬይ ካርድ (የቀለም ማስተካከያ ግራጫ ካርድ) መስተካከል አለበት። ቪዲዮ የማትቀርጽ ከሆነ አንድ ሞዴሊንግ ላይት ያለው ፍላሽና አንድ ሰፊ ሶፍትቦክስ ግዢ አላት።

እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ሰውን፣ በተለይ ልጅን፣ በጠባብ ክፍል ለሚያነሳ ሰው ፍላሽ ይቀድማል። ቪዲዮ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ግን ሳያመነታ ኤልኢዲ ይግዛ።

መልስ 24

ጠያቂዋ ወሰነች። ቪዲዮ አሁን አታስብም፤ ስለዚህ የመልስ 23ን ምክር ትከተላለች። መጀመሪያ ምን ላይ ላስተካክለው ስትል ጠየቀች። በቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን ኃይል ራሱ እየወሰነ) ልሂድ ወይስ በእጅ?

መልስ 25

መልስ 5 የጻፈችው ናት የመለሰችላት። መብራቱም ሰውየውም የማይንቀሳቀሱ ከሆነ በእጅ ይሻላል፤ ቲቲኤል ሰውየው ነጭ ልብስ ሲለብስና ጥቁር ሲለብስ ሐሳቡን ይቀይራል። ካሜራውን 1/160፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 ላይ አድርጊ። የክፍሉን መብራት አጥፊ፤ መጋረጃውን ዝጊ። ፍላሹን ሳታበሪ አንድ ፎቶ አንሺ፤ ጥቁር መሆን አለበት። ጥቁር ካልሆነ ሌላ ብርሃን እየገባ ነው። ከዚያ ፍላሹን በሩብ ኃይል አብሪና ተኩሺ፤ ከበዛ ኃይሉን ቀንሺ፣ ካነሰ ሶፍትቦክሱን አቅርቢ። መነጽር ያደረገ ሰው ከሆነ መብራቱን ከፍ አድርጊው፤ ነጸብራቁ ወደ ታች ይሄዳል።

መልስ 26

አዲስ ሰው ገብቶ ሶፍትቦክስ ከምትገዢ የስቱዲዮ ጃንጥላ (ብርሃን የሚያሰፋ) ይሻልሻል፣ ቶሎ ይዘረጋል፣ ዋጋውም ቀላል ነው አላት። መልስ 13 የጻፈው ወዲያው ተቃወመ። ጃንጥላ ብርሃኑን ወደ ጎንም ወደ ኋላም ይበትነዋል፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ግድግዳው ሁሉ ይበራል። ጠያቂዋ ክፍሏን ለክታ የጣሪያውን ከፍታና የግድግዳውን ቀለም ልትጽፍላቸው ተስማማች።